የቴሌቪዥኑ ሥዕል ሲጠፋ ጥፋቱ የማን ነው?

በዛሬ ጊዜ የቤትን ሰላም ከሚያደፈርሱት ነገሮች አንዱ የቴሌቪዥን ሥዕል መጥፋት ነው ብል አንባቢዬ እንደ ቀልድ አይቍጠሩብኝ። ውኃ ሲጠፋ ባልዲ ይዘን እንወጣለን፤ መብራት ሲጠፋ ሻማ እናበራለን፤ በሁለቱም ጊዜ ሰፈሩ በሙሉ አብሮ ስለሚቸገር ማንም ማንንም አይወቅስም። የቴሌቪዥኑ ሥዕል ሲጠፋ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የጎረቤት መስኮት እየተብለጨለጨ የእኛ ብቻ «ሲግናል የለም» ብሎ ሲቆም ወዲያው ጥፋተኛ ፍለጋ እንነሣለን። አባት «ማን ነካካው?» ብሎ ልጆቹን ይቆጣል፤ ልጆቹ ዲሹን የተከለውን ሠራተኛ ይወቅሳሉ፤ ሠራተኛው ዕቃውን የሸጠውን ነጋዴ ያማል፤ ነጋዴው ደግሞ በአየሩ ያመካኛል። በዚህ መካከል ዜናው አልፏል፤ ራቱም ቀዝቅዟል።

እኔ የምኖረው በቡራዩ ነው። ታናሽ እኅቴ በሱሉልታ ትዳር ይዛለች፤ አጎቴ ደግሞ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በሰበታ ጎጆ ቀልሰው ተቀምጠዋል። ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ ምዕራብ በኩል ከበዋት የሚገኙ ሲሆኑ፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ጥቂት የኤሌክትሪክ ጥገና ስለማውቅ ከሦስቱ ቤቶች በአንዱ ሥዕል በጠፋ ቍጥር የምጠራው እኔ ነኝ። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ላጫውትዎ ያሰብኩት ከዚሁ መመላለስ ያገኘሁትን ትምህርት ነው። ፍሬ ነገሩ አጭር ነው። ጥፋቱ በሰማይ ወይም በጎረቤት የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከዲሹ እስከ ቴሌቪዥኑ ባለው ጥቂት ሜትር ውስጥ ተሸሽጎ ይገኛል። ነገር ግን የሚገኘው በተራ ለሚፈልገው ሰው ነው።

ቀድሞ ነገሩ ከተራራ ጋር የሚደረግ ትግል ነበር። ቴሌቪዥን በአገራችን ሥራውን የጀመረው በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዕለት ነው። የዚያን ጊዜው ሞገድ በምድር ላይ ከተተከለ ማሠራጫ ተነሥቶ ወደፊት የሚጓዝ በመሆኑ ተራራ ከመካከል ሲገባበት ይሰናከላል። ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ ናት፤ ሰበታ በፉሪና በወጨጫ ሥር ተኝታለች፤ ቡራዩም ብትሆን ሜዳ ላይ አይደለችም። ስለዚህ የዓሣ አጥንት የመሰለው አንቴና በረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ይሰቀል ነበር። አንዱ ልጅ ጣራ ላይ ሆኖ ግንዱን ያዞራል፤ ሁለተኛው በመስኮት ብቅ ብሎ «መጣ! መጣ! አይ፣ ሄደ!» እያለ ይጮኻል። ሞገዱ ከተራራ ላይ ነጥሮ ሲመጣ ጥቂት ስለሚዘገይ ዜና አንባቢው ከጎኑ አንድ መንትያ ጥላ ይዞ ይቀርብ ነበር። ያንን ያየ ሰው አይረሳውም።

ዲሽ ከመጣ ወዲህ ተራራው ከትግሉ ወጥቷል። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር ለእኛ ከቦታው የማይነቃነቅ ሆኖ ይታየናል። ቀድሞ የአገራችንን ጣቢያዎች ስናይ የነበረው ከናይልሳት ወገን በ7 ዲግሪ ምዕራብ ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የተባለው አገልግሎት ሲጀመር ብዙዎቹ ጣቢያዎች ኤን ኤስ ኤስ 12 ወደሚባለው በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ወደሚገኘው ሳተላይት ተዛወሩ። አንባቢዬ ይህን ልብ ይበሉልኝ፤ ኋላ ለአንድ ክርክር ያስፈልገናል። ከአዲስ አበባ ዙሪያ ሲታይ ናይልሳት በምዕራብ በኩል ነው፤ ከፍታውም ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። የኢትዮሳቱ ግን ከምሥራቅ ጥቂት ወደ ደቡብ ዘንበል ብሎ፣ በኮምፓስ 115 ዲግሪ ገደማ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይገኛል። ይኸውም ከአናታችን ብዙም አይርቅም ማለት ነው። እንጦጦም ሆነ ወጨጫ ወደዚያ አይደርሱበትም።

እንግዲህ ወደ ሱሉልታ እንሂድ። የእኅቴ ቤት በሜዳው ላይ ነው። የሜዳው አፈር ጥቁር ነው፤ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ እጅ በሚያስገባ ስፋት ይሰነጠቃል። የዲሹ የብረት ምሰሶ በዚሁ አፈር ውስጥ በጥቂት ሲሚንቶ ተተክሎ ነበር። በየዓመቱ በጥቅምት ወር ሥዕሉ ይንቀጠቀጥና ይጠፋል፤ በየዓመቱም ሠራተኛ ይመጣና ዲሹን ጥቂት አዙሮ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። እኅቴ «ይህ ዲሽ እንደ ጠበል ቀጠሮ አለው» ትል ነበር።

እኔ ስሄድ በመጀመሪያ ያየሁት ሪሲቨሩ የሚያሳየውን ሁለት መስመር ነው። እነዚህን መስመሮች ሁሉም ሰው ያያቸዋል፤ ትርጕማቸውን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አንደኛው የኃይል መጠን ሲሆን «ስትሬንግዝ» ይባላል፤ ሁለተኛው የጥራት መጠን ሲሆን «ኳሊቲ» ይባላል። ኃይሉ ከፍ ብሎ ጥራቱ ዜሮ ከሆነ ኬብሉና ኤል ኤን ቢው በሕይወት አሉ፤ ዲሹ ግን ባዶ ሰማይ ወይም ሌላ ሳተላይት እያየ ነው። ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ዲሹን አይንኩት፤ በሽታው በኬብሉ፣ በኤል ኤን ቢው ወይም በራሱ በሪሲቨሩ ነው። ይህን አንድ ነገር ብቻ ያወቀ ሰው ከግማሽ በላይ የሆነውን ልፋት ያድናል።

በእኅቴ ቤት ኃይሉ ሙሉ ነበር፤ ጥራቱ ግን ወርዷል። ወዲያው ከግንበኛ ጎረቤት ቱምቢ ተውሼ በምሰሶው ላይ ባንጠለጥል ምሰሶው ዘንበል ብሎ ተገኘ። ዐይን የማያየው ዝንባሌ ነው። ነገር ግን ስፋቱ 90 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዲሽ ከዒላማው 1 ዲግሪ ብቻ ቢስት የሚቀበለው ኃይል በግማሽ ያህል ይቀንሳል። አፈሩ በክረምት ይገፋዋል፤ በበጋ ይለቀዋል፤ ሠራተኛው ዲሹን ሲያዞር የኖረው የምሰሶውን በሽታ ለመሸፈን ነበር። ምሰሶውን ነቅለን ከቤቱ የድንጋይ ግድግዳ ላይ በብሎን አሰርነው፤ በቱምቢም አቀናነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጥቅምት አልፏል፤ ቀጠሮውም ቀርቷል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አቅጣጫውን በስልክዎ ኮምፓስ የሚፈልጉ ከሆነ ከቆርቆሮው ጣራና ከብረት አጥሩ ጥቂት ሜትር ራቅ ብለው ይቁሙ። ብረት መርፌውን ያሳስተዋል። እንዲሁም ክንዱ ከታች በኩል የወጣ ዲሽ ፊቱ ከሚያይበት ይልቅ ዝቅ ብሎ ይታያልና «ወደ ሰማይ አላቀናም» ብለው አይሥጉ፤ አሠራሩ ነው።

የሰበታው ነገር ደግሞ ሌላ ዓይነት ነበር። አጎቴ ስልክ ደውለው «ጣቢያዎቹ አድመውብኛል» አሉኝ። ከጣቢያዎቹ ግማሽ ያህሉ ጥርት ብለው ይታያሉ፤ ግማሽ ያህሉ ግን ጨርሰው ጠፍተዋል። ከእኔ በፊት ሁለት ሠራተኞች መጥተው ነበር። አንደኛው አዲስ ኤል ኤን ቢ አስገዝቷቸዋል፤ ሁለተኛው አዲስ ሪሲቨር። ጡረተኛ ሰው ገንዘቡን እንዴት እንደሚያወጣ አንባቢዬ ያውቁታል። ጣቢያዎቹ ግን በአድማቸው ጸኑ።

ግማሹ ታይቶ ግማሹ ሲጠፋ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሞገዱ በሁለት ዓይነት አኳኋን ይመጣል፤ አንደኛው ቁም፣ ሁለተኛው አግድም ነው። ኤል ኤን ቢው ከሁለቱ አንዱን የሚመርጠው ሪሲቨሩ በኬብሉ በሚልክለት የኤሌክትሪክ ኃይል ነው፤ 13 ቮልት ሲደርሰው ቁሙን፣ 18 ቮልት ሲደርሰው አግድሙን ይይዛል። ኬብሉ በመንገዱ ላይ የታመመ እንደሆነ 18 ቮልት ተብሎ የተላከው ተመናምኖ ይደርሳል፤ ኤል ኤን ቢውም 13 መስሎት ቁሙን እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ ኬብሉን በእጄ እየዳሰስኩ ከግድግዳው ጋር ሄድኩ። ከጣራው ጠርዝ ሥር ሁለት ኬብል እንደ መብራት ሽቦ ተጠማዞ፣ በናስትሮ ተጠቅልሎ ተገኘ። ናስትሮውን ስፈታው መዳቡ አረንጓዴ ሆኗል። ኬብሉን ያለ ቅጣይ ከዲሹ እስከ ሪሲቨሩ አንድ ወጥ አድርገን ስንለውጠው ያደሙት ጣቢያዎች ሁሉ ተመለሱ። አጎቴ በዚያን ዕለት የተናገሩት ቃል «ሁለቱን ዕቃ ሳልገዛ በፊት ይህን ጥቅልል የሚፈታ ሰው ባገኝ ኖሮ» የሚል ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ እዚህ ግን በሽታውን የደበቀው ናስትሮ ነው።

የዚሁ ዓይነት ምልክት የሚያሳይ ሌላም ምክንያት አለ። ከናይልሳት ወደ ኢትዮሳት ዲሻቸውን ያዞሩ ብዙ ሰዎች ሳህኑን ብቻ አዙረው ኤል ኤን ቢውን እንደ ነበረ ተዉት። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ኤል ኤን ቢውም በማቀፊያው ውስጥ በሚገባ መዞር አለበት። አንድ ሰው የጥራቱን መስመር እያየ፣ ሌላው ኤል ኤን ቢውን በጥቂት በጥቂቱ ቢያዞረው መስመሩ ከፍ የሚልበት ቦታ ይገኛል፤ እዚያ ላይ ማጥበቅ ነው።

አሁን ስለ ዝናብ እንነጋገር፤ ዝናብ ብዙ ጊዜ በሐሰት ይከሰሳልና። ከባድ ዝናብ በዲሹና በሳተላይቱ መካከል ሲወርድ ሞገዱን ስለሚውጠው ሥዕሉ ለጥቂት ደቂቃ ቢጠፋ የማንም ጥፋት አይደለም፤ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ይታገሡ። ካፊያ በመጣ ቍጥር የሚጠፋ ከሆነ ግን ዲሹ ዒላማውን በደንብ አልያዘም፤ በጥሩ ቀን የሚበቃው ኃይል በክፉ ቀን አልበቃውም ማለት ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጠፍቶ የሚቆይና ፀሐይ ሲጠነክር የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ምልክቱ የማያሳስት ነው፤ ውኃ በኬብሉ ጫፍ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ይህን ሦስተኛውን ምልክት የማወቅ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ ያየሁት በራሴ ሰፈር በቡራዩ ነው። ከቤቴ ቀጥሎ አንድ አዛውንት ጎረቤት አሉኝ፤ ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ከእሳቸው ግቢ በምዕራብ በኩል ደግሞ እማማ የምንላቸው ባልቴት ይኖራሉ። እማማ በአጥሩ ሥር አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ አላቸው። ባሕር ዛፍ ለእንደዚህ ያሉ እናት የባንክ ደብተር ነው፤ ለክፉ ቀን ተቈርጦ ለአጠና ይሸጣል። የጋሼ ሥዕል ዝናብ በጣለ ቍጥር ይጠፋ ጀመር። ጋሼም «ዝናብ ሲመታው ቅጠሉ ይከብድና ዲሼን ይሸፍነዋል» ብለው ዛፉ እንዲቈረጥ ጠየቁ። እማማ «ዛፌ ገና አልደረሰም» አሉ። ቃል ቃልን ወለደ። ለዓመታት አብረው ቡና የጠጡ ሁለት ቤተሰቦች አጥር ለአጥር ሰላምታ እስከ መከልከል ደረሱ፤ ጋሼም ነገሩን ወደ ሽማግሌ ለመውሰድ ተነሡ።

አንባቢዬ፣ የጋሼ ክስ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። በናይልሳት ጊዜ አንድ ሠራተኛ «ይህ ዛፍ ያግድዎታል» ብሏቸው ነበር፤ በዚያን ጊዜም ልክ ነበር። ዲሹ ወደ ምዕራብ፣ ወደ 37 ዲግሪ ያይ ስለነበረ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ያለ ዛፍ ከዲሹ በላይ 7 ሜትር ተኩል ከወጣ ይጋርደዋል። ዲሹ ወደ ምሥራቅ ከዞረ በኋላ ግን ዛፉ ከጀርባው ቀርቷል። በምሥራቅ በኩል ቢሆን እንኳ ኖሮ በ10 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ 66 ዲግሪን ለመጋረድ ከዲሹ በላይ 22 ሜትር ያህል መቆም ነበረበት። ዲሹ ዞሯል፤ ክሱ ግን ወደ ድሮው አቅጣጫ እያየ ቀርቷል።

ይህን በቁጥር ባስረዳ ማንም እንደማይሰማኝ ስለገባኝ ፀሐይን ምስክር አድርጌ ጠራሁ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት 7 እና 8 ቀን ገደማ፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት አካባቢ ፀሐይ በእኛ አገር ሲታይ ከኢትዮሳቱ ሳተላይት ጀርባ በትክክል ታልፋለች። በዚያች ሰዓት ዲሹ ላይ ጥላ ያልጣለ ነገር ሁሉ፣ ዛፍም ይሁን ፎቅ፣ ከሳተላይቱ አያግደውም። ጋሼን «እስከ መስቀል ይታገሡኝ፤ ከዚያ በኋላ እኔ ራሴ መጥረቢያ አቀርባለሁ» ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸውም ለሽምግልናው ቀጠሮ እስኪያዝ ድረስ ብለው ተቀበሉኝ።

በመስቀል ማግሥት ሰማዩ ጠርቶ ነበር። 5 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወንበር አውጥተን ከግቢው ተቀመጥን፤ እማማም በአጥሩ ቀዳዳ ይመለከታሉ። ፀሐይዋ በዲሹ ላይ ሙሉ ለሙሉ አረፈች፤ የዛፉ ጥላ ወደ ምዕራብ፣ ወደ እማማ ጓሮ ወድቋል። በዚህ መካከል ከቤት ውስጥ የጋሼ የልጅ ልጅ «አያቴ፣ ሥዕሉ ጠፋ!» ብላ ጮኸች። ጋሼ ወደ እኔ ዞር አሉ። ሰማዩ ደረቅ ነው፤ ቅጠል አልነቃነቀም። የፀሐይዋ የራሷ ሞገድ የሳተላይቱን ደካማ ሞገድ ስለሸፈነው ነው የጠፋው፤ ይኸውም ፀሐይና ሳተላይቱ በአንድ መስመር ላይ እንደቆሙ የሚያረጋግጥ ነው። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ማንም ሳይነካው ተመለሰ። ጋሼ ወደ ዲሹ፣ ከዚያም ወደ ዛፉ ተመለከቱና «ታዲያ ይህ ዛፍ ምን አደረገኝ?» አሉ። ከአጥሩ ማዶ እማማ «እኔስ ምን አልኩ?» ብለው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ሪሲቨሩን ከመብራቱ ነቅዬ ከኤል ኤን ቢው ላይ የኬብሉን ጫፍ ፈታሁት። ከኮኔክተሩ ውስጥ የውኃ ጠብታ ወጣ። የተበላሸውን ጫፍ ቈርጬ አዲስ ኮኔክተር አደረግሁለት፤ ከውጭ ያለው የሽቦ መረብ የመካከለኛውን መዳብ እንዳይነካ ተጠነቀቅሁ፤ ኬብሉ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ዘለል ብሎ እንዲታጠፍና ውኃው ከእጥፋቱ ላይ እንዲንጠባጠብ አደረግሁ። ወጪው የአንድ ኮኔክተር ዋጋ ነው። ዛፉ ግን ቢቈረጥ ኖሮ የሚመልሰው ሰው አልነበረም፤ ከዛፉም ይልቅ የሁለቱ ቤት ቡና። ሽማግሌ መጥራት ሳያስፈልግ ጋሼ በዚያው ሳምንት ልጃቸውን ወደ እማማ ቤት ላኩ።

እንግዲህ በእርስዎ ቤት ሥዕሉ ሲጠፋ ተራውን እንዲህ ይከተሉ። አንደኛ፣ ጎረቤትዎን ይጠይቁ፤ ለእሳቸውም ከጠፋ ጣቢያው ራሱ ሊሆን ይችላልና ይጠብቁ። ሁለተኛ፣ ጠፍቶ የቀረው አንድ ጣቢያ ብቻ ከሆነ የሚሠራጭበት ቍጥር ተለውጦ ይሆናልና ዲሹን ሳይነኩ ሪሲቨሩ ጣቢያዎችን እንደገና እንዲፈልግ ያድርጉት። ሦስተኛ፣ የኃይሉንና የጥራቱን መስመር ይመልከቱ። አራተኛ፣ ኬብሉን ከሪሲቨሩ ጀርባ ጀምረው እስከ ዲሹ በዐይንዎና በእጅዎ ይከተሉ፤ ቅጣይ ካለ፣ ስዊች ካለ፣ ጫፉ ከዛገ እዚያ ያቁሙ። ዲሹን ማዞር የመጨረሻው ሥራ ይሁን፤ ከማዞርዎም በፊት የነበረበትን ቦታ በቀለም ወይም በሚስማር ጫር አድርገው ምልክት ያድርጉበት።

ከሁሉ በላይ ስለ ጣራው አደራ እላለሁ። በእርጥብ ቆርቆሮ ላይ፣ በነፋስ ወይም መብረቅ በሚያጕረመርምበት ሰዓት ማንም አይውጣ። የብረት ምሰሶ ሲያነሡ የመብራት ሽቦ በአጠገብ አለመኖሩን አስቀድመው ይመልከቱ። ልጆችንም «ወጣ በልና ነካ አድርገው» ብለው አይላኩ፤ ያመለጠ ዜና ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይደገማል፤ የሰው ልጅ እግር ግን ከተሰበረ ሁለት ወር ይተኛል። አዲስ ዲሽ የሚያስተክሉ ከሆነ ደግሞ ሠራተኛውን ከመሬት ላይ ሆነው በቀላሉ በሚደርሱበት ግድግዳ ላይ እንዲያስርልዎ ይጠይቁት። ሰማዩ በ66 ዲግሪ ላይ ሰፊ ነውና፣ በእኛ አገር ዲሽን ከፍ አድርጎ መስቀል የሚጨምረው ነገር ቢኖር የመሰላሉን ርዝመት ብቻ ነው።